የድንኳን ልጆች ድንኳን ሲከለከሉ

«ሰው ቤት እያለው፣ አልጋ እያለው፣ ምን ቸግሮት ነው ተራራ ወጥቶ፣ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ብርድ ሲጠብሰው የሚያድረው? ይኸ የፈረንጅ ቅብጠት ነው!» የሚል አነጋገር በከተማችን እንግዳ አይደለም። በካፌው ይባላል፣ በታክሲው ይባላል፤ ባለሥልጣኖቻችንና ባለሀብቶቻችንም በሆዳቸው ይሉታል። በሆዳቸው ማለታቸውን የምናውቀው ከሥራቸው ነው። ተራራ ላይ ሐይቅ ባዩ ቁጥር መጀመሪያ የሚታያቸው ሎጅ፣ ቀጥሎ የሚታያቸው አጥር ነው። ድንኳን ግን ጨርሶ አይታያቸውም። ይህ ጽሑፍ ሙግት የሚገጥመው ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው።

ነገሩን ከቅርብ እንጀምረው፤ ከቀጨኔ። ቀጨኔ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር የተለጠፈ ሰፈር ነው። ሸክላ ሠሪውና ሸማኔው የከተሙበት፣ የአዲስ አበባን ጀበና፣ ምጣድና ድስት ለስንት ዘመን ሲተኩስ የኖረ ሰፈር ነው። (እጃቸው በሠራው እየበላንና እየጠጣን ስማቸውን ስናጎድፍ መኖራችን ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነውር ነው።) የቀጨኔ ልጅ ከደጁ ቀና ሲል የሚያየው እንጦጦን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው ይህ ተራራ ለእርሱ ከሁለት አንዱን ነው። ወይ እናቱ፣ ወይ የጎረቤት እናት፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ ጎብጣ የምትወርድበት ቁልቁለት ነው፤ ወይ ደግሞ በርና ዘበኛ ያለው መናፈሻ ነው። የተራራውን ሌሊት ግን አያውቀውም። ከጫፉ ላይ ሆኖ ጎሕ ሲቀድ አላየም። ወንጪን፣ ደንዲን፣ የሰሜንን አምባዎች የሚያውቃቸው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያሉት አበው ይህን ቢያዩ ምን ሊሉ ኖሯል?

እንግዲህ «ድንኳን የፈረንጅ ነው» ለሚለው ወዳጃችን አንድ ጥያቄ እናቅርብለት። ለመሆኑ አዲስ አበባ ከምን የተወለደች ይመስልሃል? ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ የሰፈሩት ከነሠራዊታቸው፣ ከነድንኳናቸው ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የተራራውን ብርድ ትተው ወደ ፍል ውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ «አዲስ አበባ» ሲሉም ስም አወጡለት። ልብ በል፣ ይህች ከተማ የተፀነሰችው ተራራ ላይ፣ የተወለደችው ውሃ ዳር፣ የታቀፈችውም በድንኳን ነው። ዛሬ በድንኳን የምንስቅ ሰዎች በገዛ እናታችን ቀሚስ ነው የምንስቀው።

ቃላቱም ይመሰክራሉ። «ሰፈር» የምንለው ሰው የሰፈረበትን ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል በድሮ አነጋገር የንጉሥና የሠራዊት ማረፊያ ማለት ነበር። ደጃዝማች የደጅ አዝማች፣ ቀኛዝማች የቀኝ አዝማች፣ ግራዝማች የግራ አዝማች ነው። መንግሥት በየጊዜው ተነሥቶ በየጊዜው በሚሰፍርበት አገር ሹመት እንኳ የሚጠራው ሰው በቆመበትና ድንኳኑን በተከለበት ወገን ነበር። በፈረንጆች 1520 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ከተደነቀባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሥርዓት ነው። ሰፈሩ በተነሣና በተተከለ ቁጥር የንጉሡ ድንኳን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን፣ የመኳንንቱ ድንኳን፣ ገበያውም ሳይቀር ቦታ ቦታቸውን ያውቁ ነበር። ፈረንጅ ድንኳን አስተማረን ወይስ የእኛን ድንኳን አይቶ ጻፈ?

«ያ የነገሥታት ነው፣ ያ የጦርነት ነው» የሚል ካለ ደግሞ ጥር 10ን እናስታውሰው። ከተራ ማለት ውሃ መክተር፣ መገደብ ነው። በዚያች ዕለት ታቦታቱ ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ውሃ ይወርዳሉ፤ ውሃው ዳር በተተከለ ድንኳን ያድራሉ። ሕዝቡም አብሮ ያድራል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዝማሬውን እየሰማ፣ የጥርን ውርጭ ችሎ ያድራል። በጃንሜዳ እንዲህ ነው፣ በጎንደር በፋሲለደስ መጠመቂያ እንዲህ ነው፣ በባቱ በደምበል ሐይቅ ዳር እንዲህ ነው። ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጥምቀትን የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ከመዘገበው ውስጥ አንዱ ይኸው ውሃ ዳር በድንኳን ማደር ነው። እንግዲህ ታቦት ያደረበትን፣ ንጉሥ የነገሠበትን፣ ከተማ የተቆረቆረበትን ነገር «የፈረንጅ ቅብጠት» ማለት ምን ይባላል?

እርግጥ ነው፣ ዛሬ ለከተሜው ድንኳን ሲባል ቶሎ የሚታየው ለቅሶ ነው። የእድር መጋዘን ውስጥ የተጠቀለለ ድንኳን የሌለበት ሰፈር የለም። ቀጨኔም አለ፣ ሽሮ ሜዳም አለ፣ አዲሱ ገበያም አለ። ያ ድንኳን ለሞት ይወጣል፣ አልፎ አልፎ ለሠርግ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ከዚህ የከፋው ትርጉምም አለ፤ ባለፉት ዓመታት በጦርነት የተፈናቀለው ወገናችን የኖረበት ሸራ ነው። ስለዚህ ድንኳን የችግርና የሐዘን ምልክት ሆኖ ቢታየን አይፈረድብንም። የሚፈረድብን ለሐዘን ብቻ ትተነው መቅረታችን ነው። ሕዝብ ከቤቱ የሚወጣው ሲቀብርና ሲሰደድ ብቻ ከሆነ አገሩን በምን ያውቃት?

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በቀን ሄዶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ክትፎ በልቶ፣ ከመምሸቱ በፊት የሚመለስ ሰው እንግዳ ነው። ያደረ ሰው ግን ሌላ ነው። ያደረ ሰው ውሃው በሌሊት ምን እንደሚል ሰምቷል፣ ጅቡን ሰምቷል፣ የባላገሩን ዶሮና ቅዳሴ ሰምቷል፣ እሳት ለማንደድ ተቸግሯል፣ ከአካባቢው ሰው ወተትና ዳቦ ገዝቷል፣ ስም ተጠያይቋል። በማግስቱ ሲመለስ ያ ሐይቅ የቴሌቪዥን ሥዕል አይደለም፤ የእርሱም ነው። ዛሬ በአገራችን ተራራና ሐይቅ ዳር የማደር መብት ያለው ማነው? ገንዘብ ያለው። ክርክሩ ይኸው ነው።

ቢሾፍቱን እንመልከት። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፤ እግዚአብሔር ከአዲስ አበባ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ደርድሮ የሰጠን የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ናቸው። ከዳርቻቸው ብዙው በሆቴል፣ በሪዞርትና በግል ግቢ አጥር ተይዟል። ውሃውን በቅርብ ለማየት የሚፈልግ ከተሜ መጀመሪያ መግቢያ ይከፍላል፣ ወይም ለስላሳ አዝዞ ይቀመጣል። ዘመዶቹ ከብት ያጠጡበትን ውሃ በብርጭቆ ሒሳብ ያየዋል። ኢሬቻ ሲደርስ የሆራ አርሰዲ ዳርቻ የሚያስተናግደውን ሕዝብ ያየ ሰው ሕዝቡ ለውሃ ምን ያህል ልብ እንዳለው ይረዳል። በሌላው ጊዜ ግን ልቡን የሚያሳርፍበት ሣር የት አለ?

አሁን ተራው የተራራው ሐይቅ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በተራራ አናት ላይ የተዘረጋው የወንጪ ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት፣ የአካባቢው ሰው በማኅበር ተደራጅቶ በፈረስና በጀልባ እንግዳ ሲያስተናግድበት የኖረ ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» ሲታወጅ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ወንጪ ተመረጠ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ ሰየመው። መንገድ ተሠራ፣ ሎጅ ተሠራ። ይህን ልማት የምንነቅፍ ሰዎች አይደለንም። መንገዱ ለባላገሩም መንገድ ነው፣ ሎጁም ለአካባቢው ወጣት ሥራ ነው። በደጃችን ያለው የእንጦጦ ፓርክም መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ ያላለው የጉለሌ ሰው ጥቂት ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዚህ ሁሉ ፕላን ውስጥ ለድሃው የተሠመረው መስመር የቱ ነው? የአንድ ሌሊት ኪራዩ የብዙ ሰው የወር ደመወዝ የሚውጥ ማደሪያ ተሠርቶ፣ አጠገቡ ድንኳን የሚተከልበት አንድ ሜዳ ለምን አይተውም? የቀጨኔ ጀበና በሎጁ ረከቦት አጠገብ ቁጭ ይላል፤ ጀበናውን የሠራችው እናት ልጅ ግን በሩን አያልፍም። ጀበናው እንግዳ፣ ባለጀበናው ባይተዋር!

ከዚሁ ከሰፈራችን የተነሡ ወጣቶች የደረሰባቸውን ላውጋችሁ። ለወራት እቁብ ጥለው፣ ሁለት ድንኳን ተውሰው፣ በሶና ቆሎ ቋጥረው፣ ስሟን ወደማልጠራት የተራራ ሐይቅ ሄዱ። ከሎጁ አጥር ርቀው፣ ከውሃው ፈንጠር ብለው ድንኳናቸውን ሊተክሉ ካስማ ሲመቱ አንድ ዘበኛ መጡ።

«ልጆቼ፣ እዚህ ድንኳን ክልክል ነው» አሏቸው።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋን? ጠዋት እንሄዳለን፤ ቆሻሻችንንም ይዘን እንሄዳለን።»

«አውቃለሁ ልጆቼ፤ ግን እንግዶቹ ከመስኮት ሲያዩ ደስ አይላቸውም ተብሏል። እኔ ራሴ ከብቶቼን የማጠጣው እዚህች ቦታ ነበር።»

ወጣቶቹ ካስማቸውን ነቅለው፣ በጨለማ ዳገቱን ወጥተው፣ አንድ ባላገር በረንዳው ላይ አሳድሯቸው በማግስቱ ተመለሱ። ባላገሩ ገንዘብ አልተቀበላቸውም። ዘበኛውን አልወቅስም፤ እርሳቸው የታዘዙትን ነው ያደረጉት። የምወቅሰው «ከመስኮት ሲያዩ ደስ አይላቸውም» የሚለውን ሐሳብ ነው። የገዛ አገሩ ልጅ የመልክዓ ምድሩ እድፍ ሆኖ የሚቆጠርበት ቱሪዝም ምን ዓይነት ቱሪዝም ነው?

የተቃዋሚዎቻችንን መልስ እናውቀዋለን። አንደኛው «ሕዝቡ ያቆሽሻል» ነው። እውነት አለበት። የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ፣ የፌስታል ክምር በየመናፈሻው እናያለን። የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ ደግሞ እንደ ጥልቅ ሳህን ነው፤ ከዳር የተጣለው ወደ መሐል ይወርዳል። ነገር ግን ሕዝብ የሚያቆሽሸው ሥርዓት በሌለበት ነው። መፀዳጃ ያልተሠራለትን ሰው ለምን ሜዳ ተፀዳዳህ ማለት ፍርድ አይደለም። ለከተራና ለጥምቀት ጎዳናውን የሚጠርጉትን፣ በታቦት ፊት ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች እናውቃቸዋለን፤ ማንም አልከፈላቸውም። የራሱ የሆነውን ሰው አያቆሽሽም፤ የሚያቆሽሸው «የእነሱ ነው» የሚለውን ነው።

ሁለተኛው «አገር ዶላር ይፈልጋል፣ ድንኳን ገቢ የለውም» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ሰሜን ተራሮች ነው። በፈረንጆች 1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚያ ፓርክ ውስጥ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ የሚባሉ የድንኳን ሰፈሮች አሉ፤ ግጭና ጨነቅ ከ3,600 ሜትር ከፍታ ያላነሱ ናቸው። እንግዳው ከደባርቅ ሲነሣ አስጎብኚ ይቀጥራል፣ ጠመንጃ ያነገበ ስካውት ይቀጥራል፣ በቅሎና ባለበቅሎ ይቀጥራል፣ ወጥ ቤት ይቀጥራል። በድንኳን የሚያድር አንድ መንገደኛ ገንዘቡን ለአራትና ለአምስት የባላገር ቤት ያካፍላል። የሎጅ ገንዘብ በአንድ ካዝና ይገባል፤ የድንኳን ገንዘብ በየጎጆው ይበተናል። በእርግጥ ሰሜንም ያለ እንባ አልሆነም። የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከአምባቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ መውረዳቸው የሚረሳ አይደለም። ስለዚህም ነው የምንጠይቀው ሜዳ ባላገሩን አስነሥቶ የሚገኝ ሳይሆን ባላገሩ ራሱ የሚያስተዳድረው መሆን አለበት የምንለው።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ «መጀመሪያ ሰላም» የሚለው። ይህን የሚል ሰው ትክክል ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት፣ በኦሮሚያም ለዓመታት የዘለቀው ግጭት መንገደኛውን አሳቅቆታል፤ ልጁን ሐይቅ ዳር እንዲያድር የሚልክ ወላጅ ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይኸው ስጋት እያለ ሎጅ ከመሠራት አልቆመም። ለሎጁ ነገ ሰላም ይሆናል ተብሎ ከታሰበ ለድንኳኑስ ለምን አይታሰብም? ሰላም ሲመጣ መሬቱ ሁሉ ታጥሮ ካለቀ ድሃው የት ይሰፍራል? ያም ሆነ ይህ እንጦጦ እዚሁ ነው። ለዚያ የማንንም ጦርነት ማብቃት መጠበቅ አያስፈልግም።

ሌሎች ምን እንዳደረጉ ማየትም አይጎዳም። ኖርዌዮች በፈረንጆች 1957 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ማንኛውም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ፣ ከሰው ቤት 150 ሜትር ርቆ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ ድንኳን ተክሎ ሁለት ሌሊት ማደር ይችላል። «እነሱ ሀብታሞች ናቸው» እንዳይባል ጎረቤታችን ኬንያ አለች። የኬንያ የዱር አራዊት አስተዳደር በብሔራዊ ፓርኮቹ ውስጥ ለሕዝብ የተከለሉ የድንኳን ሜዳዎች አሉት፤ የአገሩ ዜጋ ከውጭ እንግዳው ያነሰ ይከፍላል። ሎጁም አለ፣ ድንኳኑም አለ፤ አንዱ ሌላውን አልገደለውም።

እኛ የምንጠይቀው የኖርዌይን ያህል እንኳ አይደለም። በየተራራው ሐይቅ፣ ሎጅ በተሠራበት ሁሉ፣ አንድ ሜዳ ይከለል። ሜዳው ደልዳላ፣ ዝናብ የማይተኛበት፣ ከውሃው ራቅ ያለ ይሁን፤ መፀዳጃው ወደ ሐይቁ እንዳይሰርግ። ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ይግባለት። እንጨት መቁረጥ ይከልከል፤ የሚያበስል ሰው ምድጃውንና ከሰሉን ይዞ ይምጣ፣ ወይም ከአካባቢው ሴቶች የተሠራ ምግብ ይግዛ። ቆሻሻውን ይዞ ይመለስ፤ ካልመለሰ ይቀጣ። ጥበቃውንና ቲኬቱን የአካባቢው ማኅበር ይያዘው። ዋጋው ተማሪ የሚችለው ይሁን። ድንኳን የሌለው እንዳይቀር ማኅበሩ ያከራይ። እንጦጦም ላይ እንዲሁ ይደረግ፤ የጉለሌ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በዓመት አንድ ሌሊት ያሳድሩበት። ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ የቀጨኔ ልጅ ከተማውን ከላይ ሆኖ፣ በሌሊት፣ መብራቱ ሲፈስ አንድ ጊዜ ይየው። ምኒልክ ከዚያ ላይ ሆነው ምን እንዳዩ ከመጽሐፍ ይልቅ ያ ሌሊት ያስተምረዋል።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» ሲታወጅ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ታስቦ ነበር። ቢሊዮን ማሰብ የቻለ አገር አንድ ሜዳ፣ አራት መፀዳጃና አንድ ቧንቧ ማሰብ እንዴት ያቅተዋል? ያቃተው ገንዘብ አይደለም። ያቃተው ድሃውም መልክዓ ምድር እንደሚያምረው መቀበል ነው። ሸክላ ሠሪዋም ከሥራዋ አርፋ ውሃ ዳር ቁጭ ማለት እንደሚያምራት፣ ሸማኔውም ከጉድጓዱ ወጥቶ ሰማይ ማየት እንደሚፈልግ መቀበል ነው። ድሃ እንጀራ ብቻ የሚበቃው ፍጡር አድርጎ የሚያይ ሰው ድሃውን ከረሃብ በባሰ ይበድለዋል።

አገር በመፈክር አትወደድም። ሰው የሚወደው ያደረበትን ነው፤ የሚጠብቀውም የወደደውን ነው። ነገ የወንጪን ዛፍ የሚቆርጠውን፣ የእንጦጦን ምንጭ የሚያደፈርሰውን ተው የሚለው ዘበኛ ብቻ አይሆንም፤ በልጅነቱ እዚያ አድሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ያንን ሰው ዛሬ ከበር ከመለስነው ነገ ከየት እናመጣዋለን?

ሎጁን ሥሩ፣ መንገዱን ሥሩ፣ እንግዳውንም ጥሩ። ሜዳውን ግን ተዉልን። ድንኳኑን እኛ ይዘን እንመጣለን።